ለማንም እንዳታሰማ

እድላዊት የራሷን ድምፅ የሰማችው ሰኞ ጠዋት፣ የፋብሪካው ሰርቪስ ከድሮው የአቃቂ ባቡር ጣቢያ ተነስቶ ወደ አስፋልቱ ሲወጣ ነው።

መጀመሪያ የሷ መሆኑን አላወቀችም። አንዲት ሴት ያለ ሙዚቃ፣ የተኛ ሰው እንዳትቀሰቅስ የፈራች ይመስል ቀስ ብላ ትዘፍናለች። ድምፁ የሚወጣው ከሹፌሩ ከጋሽ ፈቀደ ራስ በላይ ከተሰቀለው ስፒከር ነው። "ይቺ ደግሞ ማናት?" ልትል ከጎኗ ወደተቀመጠችው ወደ ወርቅውሃ ዞረች። ቃሉ ከአፏ ሳይወጣ ድምፁን ለየችው።

በሩ ሲጢጥ ይበል፣ ዘይት አልቀባውም፤
የመምጫህ ድምፅ ነው፣ እኔ አላጠፋውም።

ሰርቪሱ ውስጥ ያሉት አርባ ሴቶች ጠዋት ጠዋት የየራሳቸው ጉዳይ አላቸው። አንዷ ትተኛለች፣ አንዷ ፀጉሯን ትይዛለች፣ አንዷ ለልጇ ሞግዚት በስልክ ትእዛዝ ትሰጣለች። ሁለተኛው ስንኝ ሲመጣ ግን አንድ በአንድ ዝም አሉ።

አገር ሲያለቅስልህ ዓይኔ ደርቆ ቀረ፤
እንባዬ ካንተ ጋር አብሮ ተቀበረ።

መርፌና ክር ይዤ ውዬ አመሻለሁ፤
የልቤን ቀዳዳ በምን እሰፋለሁ?

ወርቅውሃ የጀመረችውን ዳቦ ወደ ፌስታሉ መለሰች። ቂሊንጦ ባለው የልብስ ፋብሪካ ውስጥ ሁለቱ ጎን ለጎን ይሠራሉ፤ እድላዊት እጅጌ ትገጥማለች፣ ወርቅውሃ ኮሌታ ትሰፋለች። በሁለት ዓመት ውስጥ ወርቅውሃ ምግብ ጀምራ ስትተው እድላዊት አይታ አታውቅም።

ነፋስም ሆነህ ና፣ ሕልም ሆነህ ግባ፤

ዘፈኑ እዚህ ላይ ይቆማል። ቤት የሚመታለት ሁለተኛው መስመር የለም። ወንበር ሲንቀሳቀስ ይሰማል፣ የሴቲቱ ትንፋሽ ይሰማል፣ ቀጥሎ አንድ ወንድ ዝቅ ባለ ድምፅ "በቃ። ይበቃል" ይላል። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ የሰርግ ጭፈራ ገባ።

"ልጁ ግን ምን አስቸኮለው?" አለች ከኋላ ወንበር አንዷ።

"ባሏ ይሆናላ።"

"ባሏ ቢሆንማ በቃ የሚላት ገና አፏን ስትከፍት ነው።"

ሳቁ። ወርቅውሃ ግን አልሳቀችም። "ጋሽ ፈቀደ፣ ያቺን ይመልሷት እስቲ" አለች። ጋሽ ፈቀደ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳይነቅሉ መለሷት። እድላዊት ስልኳን አውጥታ የጠፋ ስክሪን ታይ ጀመር። ተናዳለች። የሚያሳፍራት ግን ንዴቷ አልነበረም፤ ለሁለተኛ ጊዜ ሲደገም ከሁሉም ይበልጥ የምታደምጠው እሷ መሆኗ ነው።

* * *

ያን ድምፅ የቀዳው ሳዲቅ ነው። አቃቂ በሰቃ፣ አስፋልቱ ዳር፣ ከአጎቱ ከአቶ ረሻድ ጋር ሱቅ ይሠራል። መደርደሪያው የስልክ ሽፋንና ቻርጀር ቢሞላውም ዋናው ገበያቸው ዘፈን መጫን ነው። የታክሲና የሰርቪስ ሹፌሮች ቅዳሜ ፍላሻቸውን ትተው ይሄዳሉ፤ ፍላሹ ላይ በተለጠፈች ነጭ ፕላስተር የሰሌዳ ቁጥራቸው ይጻፋል። "አዲስ" የሚባለው ፎልደር እንዳለ ይገለበጥላቸዋል፣ እሁድ ከሰዓት መጥተው ይወስዳሉ። አንድ በአንድ የሚመርጥ የለም። አቶ ረሻድ ራሳቸው የሚያዳምጡት መንዙማ ብቻ ነው፤ የሚጭኑትን ዘፈን አይሰሙትም።

ሳዲቅና እድላዊት ከተዋወቁ ስምንት ወራቸው ነው። እሱ ከስልጤ የመጣ የነጋዴ ቤተሰብ ልጅ፣ ጁምዓ የማያሳልፍ። እሷ በየወሩ የማርያም ጽዋ ከሚጠጣበት ቤት። ስለዚህ ጉዳይ አንድ ቀን እንኳ አውርተው አያውቁም። ያልተወራ ነገር እንዳለ ይቆያል፣ አያድግም፣ አይቀንስም፣ ብለው የተስማሙ ይመስሉ ነበር።

ከሦስት ሳምንት በፊት እድላዊት ከሱቁ ጀርባ ወዳለችው፣ ግድግዳዋ በፍራሽ ስፖንጅ ወደተሸፈነች የድምፅ መቅጃ ክፍል ገባች። ደብተሯን ይዛለች። አባቷ አቶ ካሳሁን ከሞቱ ወዲህ የምትጽፍበት ደብተር ነው። አቶ ካሳሁን የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መካኒክ ነበሩ፤ የሰፈሩን ሁሉ ማሽን ጠግነው የራሳቸውን በር ማጠፊያ ነገ ዛሬ እያሉ ሳይጠግኑ የሞቱ። በለቅሶው ድንኳን አልቃሿ ስንኝ ስታወርድ፣ ሴቱ እየተቀበለ ደረቱን ሲመታ፣ እድላዊት ቆማ ታይ ነበር። አክስቷ ከጎን ቆንጥጣ፣ "አልቅሺ እንጂ፣ ሰው ምን ይላል" አለቻት። አልመጣላትም። ከዚያ ወዲህ በሰፈሩ "የካሳሁን ልጅ እኮ አባት እንደሞተባት ሳይሆን እንደ ጎረቤት ነው የቆመችው" ተባለ። እናቷ ወይዘሮ ፈለቀች ይህን ሰምተዋል። ምንም አላሉም። ያላሉት ነገር ግን በየቀኑ ገበታ ላይ አብሯቸው ይቀርባል።

ለሳዲቅ ይህን ሁሉ አልነገረችውም። "አንድ ነገር ልዘፍን ነው። ለማንም እንዳታሰማ" ብቻ አለችው።

"ወላሂ" አለ።

ዘፈነች። የመጨረሻው ስንኝ አንደኛው ቤት ደረሰና ሁለተኛው ጠፋ። ደብተሯ ላይም ባዶ ነበር። መንቀጥቀጥ ስትጀምር ሳዲቅ ተነስቶ፣ "በቃ። ይበቃል" አላት። ማይኩን አጠፋ። ለዘፈኑ ምን የሚል ስም ይስጠው እንደሆነ ሲጠይቃት፣ "ስም የለውም" ብላው ወጣች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሸሸችው። ስልኩን ማንሳትም ተወች። ለምን እንደሸሸችው ብትጠየቅ አጥርታ የምትናገረው ነገር የላትም። አንድ ቃል ብቻ ውስጧ ቆይቷል፤ በቃ። ዓመት ሙሉ የጠበቀችው እንባ ሊመጣ ሲል ሰለቸሽኝ ያላት መሰላት።

* * *

ሰኞ ከሥራ ስትወጣ በቀጥታ ወደ ሱቁ ሄደች።

አቶ ረሻድ ከባንኮኒው ጀርባ ተቀምጠዋል፣ ሁለት የታክሲ ሹፌሮች ደጃፉ ላይ ቆመው ወሬ ይዘዋል። ሳዲቅ ሲያያት ፊቱ በራ፤ መልሶ ጠፋ።

"የቂሊንጦ ሰርቪስ ፍላሽ" አለች። "የጋሽ ፈቀደ። ማነው የጫነው?"

"ምን ሆነ?"

"ማነው የጫነው ነው ያልኩህ።"

ሳዲቅ ወደ ኮምፒውተሩ አየ። ስክሪኑ ላይ "አዲስ" የሚለው ፎልደር ክፍት ነው። አንድ ነገር ሲገባው እሷም አየችው። አጎቱ ግን ራሳቸውን ቀና አድርገው በየዋህነት ያዩአቸዋል፤ ሹፌሮቹም ጆሮ ሰጥተዋል።

"እኔ ነኝ" አለ።

"ወላሂ ብለኸኝ አልነበር?"

"ብዬሻለሁ።"

"እና?"

"እኔ ነኝ፣ እድል። ጥፋቱ የኔ ነው።"

"ያቺን ያለ ሙዚቃ የምትዘፍነውን ነው የምትሉት?" አለ ከሹፌሮቹ አንዱ። "እኔም ጋ አለች። ትገርማለች። ማን ናት ግን ዘፋኟ?"

"ሞታለች" አለች እድላዊት፣ እና ሄደች።

አቶ ረሻድ ከኋላዋ "ልጄ፣ ውሃ እንኳ ሳትጠጪ" ሲሉ ይሰማታል። ሳዲቅ ይከተለኛል ብላ ጠበቀች። እስከ ባቡር ሐዲዱ ድረስ ጠበቀች። አልተከተላትም። መከተሉን ትፈልግ እንደነበር ያወቀችው ሐዲዱን ከተሻገረች በኋላ ነው።

* * *

ማክሰኞ ጠዋት የፋብሪካው ማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ቆመች። ድርጅቱ ሐዋሳ አዲስ ቅርንጫፍ ከፍቷል፤ ልምድ ያላቸው ሰፊዎች ተመዝግበው በመጪው ሰኞ ይሄዳሉ። ለሁለት ሳምንት ወረቀቱን ሳታየው አልፋለች። አሁን ቢሮ ገብታ ስሟን ጻፈች።

"ሐሳብሽን ከቀየርሽ እስከ ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ድረስ ማሰረዝ ትችያለሽ" አላት ጸሐፊው። "ከዚያ በኋላ ግን መኝታሽም እዚያ፣ ማሽንሽም እዚያ ነው።"

"አልቀይርም።"

"ሁሉም እንደሱ ይላል" አለ፣ ማህተሙን እየመታ።

ሰርቪሱ ውስጥ ግን ዘፈኑ ቀጠለ። ጋሽ ፈቀደ ልክ አስፋልቱ ላይ ሲወጡ ይከፍቱታል፤ ማንም ሳይነግራቸው። ረቡዕ ጠዋት "ሕልም ሆነህ ግባ" ብሎ ከቆመ በኋላ፣ "በቃ" የሚለው ከመምጣቱ በፊት ባለችው ጠባብ ዝምታ ውስጥ፣ ወርቅውሃ ዓይኗን ጨፍና የጎደለውን ቤት ከራሷ ጣለችበት።

ለእናቴም ንገራት፣ የልጅሽ ሆድ ባባ።

የወርቅውሃ እናት ሰላሌ ነው ያረፉት። ፋብሪካው ፈቃድ ሳይሰጣት ቀርቶ የደረሰችው ከቀብሩ በኋላ በሦስተኛው ቀን ነው። እድላዊት ይህን ታውቃለች፤ ስለ ቀብሩ ስታወራ ግን ሰምታት አታውቅም። ወርቅውሃ ዓይኗን ስትገልጥ አፍራ ሳቀች። "ይቅርታ፣ ጎድሎ ሳየው ነው። ለቅሶ ቤት ያደግኩ ሰው ነኝ፣ ስንኝ ሜዳ ላይ ሲቀር አልወድም።"

ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሴቶች ሦስት የተለያየ ቤት ጣሉ። አንዷ ለወንድሟ፣ አንዷ ለማን እንደሆነ አልተናገረችም፣ ሦስተኛዋ ትቷት ለሄደ ሰውዬ፤ የሷ ስድብ ስለነበረበት አሳቀ። እድላዊት በመስኮቱ ታይ ነበር። ዘፈኗ ተሰርቋል። ሌባው ሳዲቅ ነው። ታዲያ የተሰረቀችው እሷ ሆና ሳለ ለምንድነው አንድ ነገር የተመለሰላት የሚመስላት?

* * *

ሐሙስ ከሥራ መልስ እናትና ልጅ ሽሮ እየበሉ ሳለ የበሩ ማጠፊያ ሲጢጥ አለ። አቶ ረሻድ ነጭ ኮፍያቸውን እንዳደረጉ ደፉ ላይ ቆመዋል፤ በአንድ እጃቸው የሙዝ ፌስታል ይዘዋል።

"ቤቶች።"

"ይግቡ፣ ይግቡ። አቶ ረሻድ አይደሉም እንዴ?" አሉ ወይዘሮ ፈለቀች ግራ እየገባቸው። "ምነው፣ በደህና?"

"በደህና፣ አልሐምዱሊላህ። ካሳሁን ነፍሱን ይማረውና የሱቄን መዝጊያ እሱ ነው የሠራልኝ። ከዚያ ወዲህ እዚህ ደጅ ስመጣ ዛሬ ገና ነው፤ ይህም አንድ ጥፋት ነው።" ተቀመጡ፤ ወደ እድላዊት ዞሩ። "ሌላውን ጥፋት ልነግርሽ ነው የመጣሁት፣ ልጄ። ያን ዘፈን የጫንኩት እኔ ነኝ።"

እድላዊት የያዘችው ጉርሻ እጇ ላይ ቀረ።

"ሳዲቅ ባለፈው ቅዳሜ እናቴ ታመው ወራቤ ሄዶ ነበር። እሁድ እኔው ነኝ ፎልደሩን ለሁሉም የገለበጥኩት። ውስጡ ምን እንዳለ መች አውቄ። ሰኞ አንቺ ስትጠይቂ ልጁ እኔን በሹፌሮቹ ፊት አላስወቅስም ብሎ በራሱ ወሰደው። ለኔም አልነገረኝም። ዛሬ አንዱ ሹፌር ፍላሹን ይዞ፣ 'ሳዲቅ ዘፈኗን አጠፋብኝ፣ ምን አድርጌው ነው?' ብሎ ሲያማርር ነው ነገሩን ያወጣጣሁት።"

"የምን ዘፈን ነው?" አሉ ወይዘሮ ፈለቀች።

አቶ ረሻድ ከኪሳቸው የታጠፈ ወረቀትና አንድ ፍላሽ አውጥተው ከሙዙ አጠገብ አስቀመጡ። "ይህን ይስጡልኝ አለኝ። አላነበብኩትም።" ኮፍያቸውን አስተካከሉ። "በሁለታችሁ መካከል ስላለው፣ ካለ፣ እኔ የሰማሁት ነገር የለም። ያልሰማሁትን አልፈቅድም። አልከለክልምም።" ተነሱ። ሻይ እንዲጠጡ ቢለመኑም እሺ አላሉም። በሩ ከኋላቸው ሲጢጥ አለ።

ወይዘሮ ፈለቀች እጃቸውን ታጠቡ። "ክፈቺው" አሉ።

"ምኑን?"

"የምሰማ አይመስልሽም?"

ዕቁብ ሲደርሳቸው የገዟት ትንሽ ሬዲዮ ፍላሽ ትቀበላለች። እድላዊት ሰካችውና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። እናቷ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አዳመጡ። "ዓይኔ ደርቆ ቀረ" ሲል አንገታቸውን ደፉ። ሲያልቅ ነጠላቸውን ከአፋቸው አወረዱ።

"ማጠፊያውን ዘይት ልቀባው ስል እንደ እብድ የጮህሽብኝ ለዚህ ነው?"

እድላዊት ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

"እኔ ደግሞ ለአባትሽ ያላዘንሽለት መስሎኝ" አሉ እናቷ። "አንድ ዓመት ሙሉ፤ አንድ ዓመት ሙሉ በልቤ ሳማሽ ኖርኩ።" እጃቸውን ዘርግተው ልጃቸው ትከሻ ላይ አኖሩት። እዚያው ቆየ። "ስለ ልጁ ዛሬ አልናገርም። እሱ ሌላ ቀን አለው። ግን በቃ ሲልሽ ሰማሁት።"

"አዎ።"

"በቃ የሚባለው ለሚያለቅስ ሰው ነው።"

እድላዊት ዞራ አየቻቸው። በለቅሶው ድንኳን ሽማግሌዎቹ ወደ እናቷ፣ ወደ አክስቶቿ እየሄዱ እጃቸውን ይዘው "በቃ፣ ይበቃል" ሲሉ ታስታውሳለች። ሁሉንም አልፈው ወደሷ ሲደርሱ ዝም ብለው ነበር የሚያልፉት። ለሷ በቃ ያላት ማንም አልነበረም።

ወረቀቱን ጓዳ ገብታ አነበበችው። የሳዲቅ ጽሑፍ እንደ ሂሳብ ተማሪ የተጣራ ነው።

"እድል፣ ስም የለውም ስላልሽኝ ስም ሳልሰጠው 'አዲስ' ውስጥ አስቀመጥኩት። በየቀኑ የምከፍተው እሱን ስለሆነ ነው፤ ሱቁን ስከፍት መጀመሪያ አንቺን እሰማ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ አወጣውና ሰኞ እመልሰው ነበር። ያን ቅዳሜ ረሳሁት። ስለዚህ ጥፋቱ የኔ ነው ያልኩሽ ውሸት አይደለም።

ከስምንት ፍላሽ ውስጥ ከሰባቱ አጥፍቻለሁ። ጋሽ ፈቀደ ግን እምቢ አሉ። 'የሴቶቹ ሆኗል፣ ባለቤቷ ራሷ መጥታ ካላለችኝ አላጠፋም' አሉኝ። ስምሽን አልነገርኳቸውም። ከሳቸው ሌላ የቀረው ይህ ፍላሽ ብቻ ነው፤ እኔ ጋ ምንም አልቀረም።

አንድ ነገር ልንገርሽ። ያን ቀን ስትንቀጠቀጪ ላቅፍሽ ይሁን ወጥቼ ልተውሽ አላወቅኩም። እኛ ቤትም፣ እናንተ ቤትም፣ ሰው ሲያለቅስ የሚባለው አንድ ቃል ነው። እሱን አልኩ። ከዚያ ወዲህ ስልክ አታነሺም። ምናልባት ሳትጨርሺ ያስቆምኩሽ እኔ ነኝ። ሐዋሳ መመዝገብሽን ሰምቻለሁ። ሂጂም አልልሽም፣ ቅሪም አልልሽም። የትኛውን እንደምፈልግ ግን ታውቂያለሽ።"

ወረቀቱን አጣጥፋ ደብተሯ ውስጥ አስገባችው። መልሳ አወጣችው። በዚያ ምሽት ስንት ጊዜ እንዳወጣችው አልቆጠረችም።

* * *

ቅዳሜ ጠዋት ሰርቪሱ ሲመጣ እድላዊት አልተቀመጠችም። በሹፌሩ አጠገብ ብረቱን ይዛ ቆመች።

"ተቀመጪ እንጂ የኔ ልጅ፣ ፍሬን ስይዝ ትወድቂያለሽ" አሉ ጋሽ ፈቀደ።

"ጋሼ፣ ያቺ ዘፈን የኔ ናት።"

ጋሽ ፈቀደ በመስታወቱ አዩአት። መኪናውን ቀስ አድርገው ዳር ያዙ፤ የፊተኞቹ ወንበሮች ሰምተዋል፣ ወሬው ወደ ኋላ ሄደ። "የኛዋ እድላዊት?" የሚል ሹክሹክታ መጣ። ወርቅውሃ እጇን አፏ ላይ ጫነች። "እና እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ስንኝ ስሰካላት ሳምንት ሙሉ ዝም ትለኛለች? ይቺ ክፉ።"

"ላጥፋዋ?" አሉ ጋሽ ፈቀደ። ጣታቸው ቁልፉ ላይ ነው። "ፍርዱ ያንቺ ነው። አጥፋ ካልሽኝ አሁኑኑ አጠፋለሁ።"

ከአርባዎቹ ሴቶች ማንም አልለመናትም። ለምነዋት ቢሆን ያጥፉት ለማለት ይቀላት ነበር።

"መጀመሪያ አንዴ ይክፈቷት" አለች።

ድምጿ ወጣ። በሩ ሲጢጥ ይበል፣ ዘይት አልቀባውም። የመምጫህ ድምፅ ነው፣ እኔ አላጠፋውም። የጋሽ ፈቀደ ጣት ከቁልፉ ላይ በራሱ ጊዜ ሲነሳ አየች። ዘፈኑ ሄደ፣ ሄደ፣ ሕልም ሆነህ ግባ አለና ቆመ። ሁሉም እሷን ያያሉ። ዛሬ ቤቱን ማንም አልጣለም፤ ለባለቤቷ ተዉላት።

ዓመት ሙሉ ደብተሯ ላይ ስትፈልገው የነበረው ስንኝ፣ ከጀርባው አርባ ሰው ሲጠብቅ፣ ያለ ብዕር መጣ።

ከተቀበረበት መልስልኝ ያን እንባ።

ድምጿ "ያን" ላይ ተሰበረ። ከዚያ አለቀሰች። ብረቱን እንደያዘች፣ አፍንጫዋን ሳትይዝ፣ እንደ ሕፃን፣ አባቷን በስማቸው እየጠራች አለቀሰች። ከስፒከሩ ሳዲቅ "በቃ። ይበቃል" አለ። ሰርቪሱ ውስጥ ግን በቃ ያላት አልነበረም። ወርቅውሃ ተነስታ ከወገቧ ያዘቻት፣ ስንኙን ተቀብላ ደገመችው፣ ሌሎቹም ተቀበሉ፤ ልክ ባለፈው ዓመት ድንኳኑ ውስጥ መሆን እንደነበረበት።

መኪናው ሲንቀሳቀስ እድላዊት አስፋልቱን አየች። "ጋሼ፣ እዚያ ሱቅ ጋ አንዴ ያቁሙልኝ።"

"እናረፍዳለን።"

"እናርፍድ" አሉ ከኋላ።

ሳዲቅ የሱቁን መዝጊያ ወደ ላይ እየገፋ ነበር። ሰርቪሱ ፊቱ ሲቆም፣ እሷ ስትወርድ፣ አርባ ፊት በመስኮት ተደርድሮ ሲያየው መዝጊያው እጁ ላይ ግማሽ ላይ ቀረ። ፊቷን አየ። እርጥብ ነው፣ አብጧል። አንድ እርምጃ ወደሷ መጣ፣ ፈራ፣ ቆመ። አፉን ከፈተ።

"በቃ እንዳትል" አለችው።

አፉን መልሶ ዘጋ።

ፍላሹን እጁ ላይ አኖረች። "አንድ ቤት ይጎድለው ነበር፤ ተገኝቷል። ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ እመጣለሁ። ማይኩን አዘጋጅ።"

"ይቅር ብለሽኛል ማለት ነው?"

"አላውቅም።"

"ተናደሽብኛል?"

"እሱንም አላውቅም፣ ሳዲቅ። እናቴ ስላንተ ሌላ ቀን ትናገራለች፤ ምን እንደምትል አላውቅም። አጎትህ አልሰማሁም ብለዋል፤ ሲሰሙ ምን እንደሚሉ አላውቅም። ግራ ገብቶኛል።" ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገች። "ግራ መጋባቴን ግን ሐዋሳ ይዤው አልሄድም። ከስድስት ሰዓት በፊት ስሜን አሰርዛለሁ።"

መዝጊያውን እንደያዘ ቆሞ ያያታል፤ ዓይኑ ሲሞላ አየችና እሷም በቃ ልትለው አሰበች። ተወችው። ይምጣለት።

ተመልሳ ወጣች። የሰርቪሱ በር ሲዘጋ ረጅም፣ የዛገ ድምፅ አሰማ።

"ጋሽ ፈቀደ፣ ይሄን በር ዘይት አይቀቡትም እንዴ?" አለች ከፊት አንዷ።

"አይቀባም" አሉ ከኋላ፣ ሦስት አራት ሆነው፣ ባንድ አፍ።

ሰርቪሱ በሳቅ ተሞላ። እድላዊትም ሳቀች፤ እንባዋ ግን አላቆመም። በኋላው መስኮት ሳዲቅ እያነሰ፣ መዝጊያው አሁንም ግማሽ ላይ፣ ይታያታል። መሳቋ ይሁን ማልቀሷ አለየላትም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ደግሞ ለመለየት አልቸኮለችም።